ጀልባ ላይ ከመክረም በፊት ውኃው፣ መብራቱና መልህቁ ይሰላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በሰሜን አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የበረዶውን ወራት ሸሽተው ምሥራቅ ካሪቢያን ላይ በባለሸራ ጀልባ ስለ መክረም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ስለ ባሕሩ ውበትና ስለ ጀልባ ዋጋ በደንብ ተናግሯል። ኑሮው የሚቆመው ወይም የሚፈርሰው ግን በሌላ ነገር ነው። ጀልባው ወደብ ሳይገባ ስንት ቀን ውኃና መብራት ሊሰጥ ይችላል? ሌሊት ነፋስ ሲነሳስ መልህቁ ይይዛል ወይ? ርዝመቱ 10 ሜትር ይሁን 14፣ ለእነዚህ መልስ የሌለው ጀልባ አይከረምበትም። በጽሑፉ ያልተነሳው ይኸው ስለሆነ ልጨምርበት እወዳለሁ።

አስቀድሞ ወቅቱን ማወቅ ይገባል። የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወቅት የሚባለው ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30፣ በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ነው። ስለዚህ ከኅዳር ጽዮን በኋላ ገብቶ፣ ግንቦት ሳያልቅ አካባቢውን ለቆ መውጣት ወይም ጀልባውን ከውኃ አውጥቶ ማቆም ያስፈልጋል። «ግሬናዳ ወደ ደቡብ ስለሆነች አውሎ አያገኛትም» ሲባል የሚያምን ሰው አለ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ኢቫን የተባለው አውሎ ነፋስ ግሬናዳን አውድሟታል። በጁላይ 1 ቀን 2024 ደግሞ ቤሪል የተባለው አውሎ ከአምስቱ ደረጃዎች በአራተኛው ጉልበት የግሬናዳ በሆነችው በካሪያኩ ደሴት ላይ አርፎ፣ ለመጠለል ማንግሮቭ በተባለው የባሕር ዳር ዛፍ ውስጥ የታሰሩ ጀልባዎችን ሳይቀር ሰባብሯል። የኢንሹራንስ ውሎች በእነዚህ ወራት ጀልባው ከየትኛው የኬክሮስ መስመር ውጭ መሆን እንዳለበት ስለሚደነግጉ፣ ከመፈረም በፊት ያን አንቀጽ ማንበብ ግድ ነው።

ውኃን በሚመለከት፣ 12 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጀልባ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 ሊትር ይይዛል። የሚቆጥቡ ሁለት ሰዎች በቀን ከ15 እስከ 20 ሊትር ስለሚበቃቸው ታንኩ ሦስት ሳምንት ገደማ ያቆያል። ዕቃ መጀመሪያ በባሕር ውኃ ይታጠባል፣ ገላም እንዲሁ፤ ከዚያ ጨውን ለማንሳት ሁለት ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበቃል። ልብስ ላይ የቀረ ጨው እርጥበት ስለሚስብ ልብሱ ፈጽሞ አይደርቅም። ታንኩ ለሁለት የተከፈለ ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ ቢበከል ሌላው ይተርፋል። የባሕር ውኃ ማጣሪያ የሚገጥም ሰው፣ መሣሪያው ጨዋማውን ውኃ በ55 ባር ያህል ግፊት ሜምብሬን በሚባል ጨው በሚያስቀር ስስ ወንፊት ውስጥ እንደሚያሳልፍ ይወቅ። ሜምብሬኑን ሁለት ነገሮች ይገድሉታል፤ ዘይትና ክሎሪን። ዘይት በሚንሳፈፍበት ወደብ ውስጥ ማስነሳት አይገባም። ከሥራ በኋላ በንጹሕ ውኃ ሲታጠብም የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት በከሰል ማጣሪያ ማለፍ አለበት።

ከመብራት በላተኞች ትልቁ ፍሪጁ ነው። በደንብ የታሸገ የ12 ቮልት ፍሪጅ በሐሩር አገር በ24 ሰዓት ከ50 እስከ 60 አምፒር ሰዓት (የባትሪ ጉልበት መለኪያ) ይወስዳል። ማራገቢያ፣ የምሰሶ መብራት፣ ስልክና ፓምፕ ሲጨመሩ የቀኑ ፍጆታ ወደ 100 ይጠጋል። 400 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ፣ ሙቀቱና የምሰሶው ጥላ የሚነጥቀው ተቀንሶ፣ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ያንኑ 100 ያህል ይመልሳል። ይህ ማለት ሦስት ቀን ከደመነ ጉድለት አለ ማለት ነው። 400 አምፒር ሰዓት የተባለ የእርሳስ አሲድ ባትሪም ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች መውረድ ስለማይገባው፣ በእጅ ያለው 200 ብቻ ነው። ይህን አይተው ወደ ሊቲየም ባትሪ የሚቀይሩ ብዙ ናቸው፤ መልካም ነው። ነገር ግን ሊቲየም የተሰጠውን ሁሉ ያለ ገደብ ስለሚቀበል በቀጥታ የተገናኘውን የሞተሩን አልተርኔተር (መብራት አመንጭቶ ባትሪ የሚሞላውን ክፍል) አግሎ ያቃጥለዋል። በመካከላቸው ከ12 ቮልት ወደ 12 ቮልት የሚሞላ መቆጣጠሪያ መግባት አለበት።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ብቻ የሚጠይቀው ጥያቄ ይመጣል፤ እንጀራስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ 1500 ዋት ገደማ ይስባል። በ12 ቮልት ሲሰላ፣ የባትሪውን መብራት ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር የሚያባክነው ተጨምሮ፣ 140 አምፒር ያህል ማለት ነው። አንድ ሰዓት መጋገር የመላ ቀኑን ፍጆታ በልጦ ይሄዳል። ስለዚህ ምጣዱ ወደብ ላይ ከመሬት መብራት ጋር ሲገናኙ ካልሆነ ቤት ይቅር። መልህቅ ላይ ሆኖ መጋገር ለሚሻ፣ ወፍራም መቀመጫ ያለው የማያጣብቅ 30 ሳንቲ ሜትር መጥበሻ ከነክዳኑ በጋዝ ይሠራል። ቀኑ ጸጥ ያለ ይሁን፤ ጀልባው ከተወዛወዘ ሊጡ ወደ አንድ ጎን ይከማችና እንጀራው ግማሹ ወፍራም፣ ግማሹ ወረቀት ይሆናል። በዚያ ሙቀት ሊጥ ቶሎ ስለሚቦካ ዕቃውን ከግማሽ በላይ አለመሙላትና ክዳኑን አለማጥበቅ ነው።

በእኔ እምነት ከሁሉ የሚሻለው ድርቆሽ ነው። ፍርፍሩ ትንሽ ውኃና ጥቂት ደቂቃ እሳት ይበቃዋል። አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ካልታሸገ ግን ከባሕሩ እርጥበት የተነሳ በጥቂት ቀናት ይሻግታል። በርበሬና ሽሮም እንዲሁ በትንንሹ ታሽገው አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይከፈት። የሚያስደስተው ነገር፣ ጾመ ነቢያት በአብዛኛው፣ ዓቢይ ጾምም በሙሉ በዚሁ የመክረሚያ ወቅት ውስጥ መውደቃቸው ነው። የጾም ምግባችን ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ቆሎና በሶ ፍሪጅ አይፈልግም። የጾም ጓዳ ያለው ጀልባ ከደመና ቀን ጋር አይጣላም፤ ለሥጋና ለወተት ብሎ ትልቅ ፍሪጅ የሚገጥመው ግን ባትሪውንም ሰሌዳውንም እጥፍ መግዛት አለበት። ባቄላና ሽምብራ የሚቀቀለው በግፊት ድስት ይሁን፤ ጋዝ ይቆጥባል፣ ክፍሉንም በእንፋሎት አይሞላም። ካርቶን ጀልባው ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፤ በረሮ እጥፋቱ ውስጥ እንቁላል ይጥላል።

መልህቅን በተመለከተ ስሌቱ ቀላል ቢሆንም ብዙ ሰው ያሳስተዋል። ሰንሰለቱ አጥሮ ወደ ላይ ከጎተተው መልህቁን ይነቅለዋል፤ ረዝሞ መሬት ላይ ከተኛ ግን እየቀበረው ይሄዳል። ጥልቀቱ 4 ሜትር፣ የጀልባው አፍንጫ ከውኃው በላይ 1.2 ሜትር ቢሆን ድምሩ 5.2 ነው። በመልካም አየር አምስት እጥፉ፣ 26 ሜትር፤ ነፋስ ሲጠበቅ ሰባት እጥፉ፣ 36 ሜትር ይለቀቃል። አፍንጫውን ረስቶ ጥልቀቱን ብቻ የሚያባዛ ሰው ስድስት፣ ስምንት ሜትር ያጎድላል። መልህቁ አሸዋ ላይ እንጂ የባሕር ሣር ላይ አይጣል፤ ሥሩ ላይ ይንሸራተታል። ኮራል ላይ መጣል ደግሞ በአሥርተ ዓመታት የማይተካ ነገር መስበር ነው። ከዚያ ሞተሩን ቀስ በቀስ ወደ ኋላ እያጠነከሩ፣ የብስ ላይ ያሉ ሁለት ምልክቶች ከመስመር አለመውጣታቸውን ማየት፤ ቀጥሎም ጠልቆ በዓይን ማረጋገጥ ነው። ሰንሰለቱን ከጀልባው ጋር የሚያያይዝ 10 ሜትር ያህል የናይለን ገመድ ይታሰር፤ የተወጠረ ሰንሰለት ስለማይለጠጥ መንጓጓቱ መልህቁንም የጀልባውን ብረትም ይፈታል። በገና ሰሞን የምሥራቁ ነፋስ ለቀናት በሰዓት ከ46 እስከ 56 ኪሎ ሜትር ሊነፍስ ይችላልና ይህ ሁሉ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ነፋስ የሌለው አደጋ ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ስለሚመጣ ሁሉም በደሴቶቹ ምዕራብ በኩል ይቆማል። ከዲሴምበር እስከ ማርች በሰሜን አትላንቲክ የሚነሳ ማዕበል ግን በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ የደሴቱን ሰሜናዊ ጫፍ ዞሮ፣ ያንኑ ጸጥተኛ ወሽመጥ ይመታል። ማታ ገበቴ የመሰለ ውኃ ሌሊት ዳርቻው ላይ ይሰባበራል። የትንበያ ሠንጠረዡ ላይ የሚታየው የማዕበሉ ቁመት ብቻ መሆን የለበትም። በሁለት ማዕበሎች መካከል ያለው ጊዜ 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሆኖ አቅጣጫው ከሰሜን ወይም ከሰሜን ምዕራብ ከሆነ፣ በብርሃን ተነሥቶ እንደ አንቲጓው ኢንግሊሽ ሃርበር ወይም እንደ ማርቲኒኩ ለ ማረን ያለ የተዘጋ ወሽመጥ መግባት ነው።

የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ጀልባው ሆድ ይወርዳል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ወደ ውጭ ቀዳዳ ባለው ሳጥን ይቀመጥ፣ ምግብ ባበቃ ቁጥርም ከራሱ ከሲሊንደሩ ይዘጋ። ባራኩዳና ሌላ ትልቅ የኮራል ዓሣ ሲጓቴራ የተባለ መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ መቀቀልም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። ባሕር ዳር ያለውን የማንቺኒል ዛፍ ፍሬ አለመቅመስ፣ ዝናብም ሲመጣ ሥሩ አለመጠለል ነው፤ የሚንጠባጠበው ቆዳ ያቃጥላል።

በየአገሩ ሲደርሱ ቢጫ ባንዲራ ተሰቅሎ፣ ካፒቴኑ ብቻ የሁሉንም ፓስፖርትና ካለፈው ወደብ የተሰጠውን የመውጫ ወረቀት ይዞ ይወርዳል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ስድስት አገር ሊዞር ካሰበ የየአገሩን የቪዛ ሕግ ለየብቻ ያጣራ። የአሜሪካ የመኖሪያ ካርድ በሁሉም ዘንድ ቪዛን አይተካም። ማርቲኒክና ጓድሉፕ የፈረንሳይ ቢሆኑም ከሸንገን ክልል ውጭ ስለሆኑ፣ ቪዛው ላይ ለእነሱ እንደሚያገለግል ካልተጻፈ የሸንገን ቪዛ አያስገባም። ይህ ለጀልባው ኪራይ ቀብድ ከመክፈል በፊት የሚጣራ ነገር ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ