«ያዩታል ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ

ልጄ ሆይ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን፤ የእናትሽ ጉልበት አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለብንም። ማክሰኞ ማታ ስትደውይ በቅጡ ሳልመልስልሽ ስልኩን ዘጋሁብሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ስናገር እንደምቸኩል ታውቂያለሽ፤ ስጽፍ ግን የብድር ክፍል ሰው ነኝና ቀስ እላለሁ።

ያልሽኝን ልድገመው። ለኮንዶሚኒየሙ ብድር ስትጠይቂ ለባንክ የምታሳዪው፣ ጓደኛሽ በድርጅቷ ስም «በወር 70,000 ብር ደመወዝ ተቀጥራ ትሠራለች» የሚል የውሸት ደብዳቤ ልትጽፍልሽ ነው፤ ማኅተሙም አለ። «አባዬ፣ ባንኩ ያየዋል ወይ?» አልሽኝ፤ ውሸቱን ይደርሱበታል ወይ ማለትሽ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከደብዳቤው ይበልጥ ያስቆጣኝ አጠያየቅሽ ነው። «ላድርገው ወይ?» ብትዪኝ እንደ አባት እመልስልሽ ነበር። «ያዩታል ወይ?» ስትዪኝ የጠየቅሽው ባንክ ቤት ያረጀውን ሰውዬ ነው። እንግዲያውስ እሱ ይመልስልሽ። መልሱ ከአንቺ ይልቅ የሚያሳፍረው እሱን ነው።

የ2008ቱ የገቢ ግብር ዐዋጅ ከወጣ በኋላ ነው። አንድ ጎልማሳ የእናቱን ቤት አስይዞ ሊበደር መጣ። ከማመልከቻው ጋር የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ አያይዟል። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ፊርማው ላይ ያረፈ ክብ ማኅተም አለው። ጠቅላላ ደመወዝ 20,000 ብር፣ የተጣራ 17,600 ብር ይላል። በዚያን ጊዜው ሠንጠረዥ ከ10,900 ብር በላይ የሆነ ደመወዝ በ35 በመቶ ተባዝቶ 1,500 ብር ይቀነስለታል። ስለዚህ የ20,000 ብር ግብር 5,500 ነው። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲጨመር ሌላ 1,400 ይሄዳል። ሰውየው እጅ የሚገባው 13,100 ብር እንጂ 17,600 ሊሆን አይችልም። ይህን በእርሳስ የማኅደሩ ጥግ ላይ ሠራሁት። 13,100 ብዬ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት።

ከዚያ በላጲስ አጠፋሁት።

የሰውየውን አጎት አውቀዋለሁ። ሰኔ እየተቃረበ ነበር፤ የቅርንጫፉ የዓመት ዕቅድ አልሞላም። «ልዩነቱ ግብር የማይከፈልበት የመጓጓዣ አበል ይሆናል» ብዬ ለራሴ ተረት አወራሁ። የ4,500 ብር የታክሲ! ደብዳቤው ላይ ወዳለው ስልክ ስደውል ያነሳው ሰው ከጀርባው የሚዛንና የሣንቲም ድምፅ ይሰማል። «አዎ፣ የእኛ ሠራተኛ ነው» አለኝ። «ተረጋግጧል» ብዬ ፈረምኩ።

ስለዚህ ልጄ፣ ያዩታል። አንዳንዴ አይተው ይመልሱታል፤ ያ ተበዳሪ ዕድለኛ ነው። አንዳንዴ ደግሞ አይተው ያልፉታል።

ሰውየው ሥራ ፈት አልነበረም። የቤትና የመኪና ደላላ ነበር። አንድ ወር ጥሩ ገንዘብ ይይዛል፣ ከዚያ ሦስትና አራት ወር ባዶ እጁን ይዞራል። የብድሩ ክፍያ የተሰላው ግን ወር በገባ ቁጥር ሳይዛነፍ ደመወዝ ለሚቀበል ሰው ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ የሚኖረው ደብዳቤው ላይ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት እየተበደረ ከፈለ። በሁለተኛው ቆመ።

በ1990 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 97 ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ በመያዣ የያዘውን ንብረት በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። ማስጠንቀቂያውን ለቤቱ ባለቤት የማድረስ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። ሴትየዋ ቡና እየቆሉ አገኘኋቸው። ከባንክ መምጣቴን ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ወንበሩን በነጠላቸው ጫፍ ጠራርገው አስቀመጡኝ። ፖስታውን ገልበጥ አድርገው አዩትና «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አንተው አንብብልኝ ልጄ» አሉ። አነበብኩላቸው። «ሐራጅ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ እጃቸው ቆመ፤ ቡናው ማረር ጀመረ። ምጣዱን ከእሳት ያወረድኩት እኔ ነኝ። በኋላ ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ «የአስያዥ ስም» በሚለው ረድፍ ስማቸው ከነአባታቸው ከነአያታቸው ታትሞ አየሁት። ይህን ለእናትሽም አልነገርኳትም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ።

ቢሮውን ለቀሽ የሐበሻ ልብስ ሥራ ስትጀምሪ ፊቴን እንዳጠቆርኩብሽ አልረሳሁም። ተሳስቼ ነበር። ሽሮ ሜዳ ካሉት ሸማኔዎች ጋር እንዴት እንደምትግባቢ አይቻለሁ፤ ዋሽንግተን ያሉት ሙሽሮች ጥለቱን በስልክ መርጠው ሲያዙሽም ሰምቻለሁ። ሥራ አለሽ፣ ገቢም አለሽ። ታዲያ የሰው ማኅተም ለምን አስፈለገሽ? መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያሳወቅሽው ሽያጭ ከእውነተኛው በጣም ያንሳል። ለገቢዎች ድሃ ሆነሽ ለባንክ ሀብታም ልትሆኚ ስትይ ሁለቱ ወረቀቶች አልገጥም አሉ፤ ሦስተኛ ወረቀት ተፈለገ። ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ ነው እጁ የሚታሰረው። ያለውን እውነተኛ ገቢ ራሱ ደብቆታልና ሲያስፈልገው የሚያሳየው የለውም።

ጓደኛሽንም አስቢያት። የ70,000 ብር ሠራተኛ አለኝ ካለች የጡረታ መዋጮው ብቻ፣ የአንቺ 7 የእሷ 11 በመቶ፣ በወር 12,600 ብር ነው። ለሌለች ሠራተኛ ይህን አትከፍልም። እንግዲህ ደብዳቤው ደመወዝ የገባበት የባንክ ሒሳብ የለው፣ የጡረታ መዋጮ የለው፣ ብቻውን የቆመ ወረቀት ነው። ሕጉን ለማስፈራሪያ መጥቀስ አልወድም፤ ብቻ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 አታላይነትን እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ፣ ሐሰተኛ ሰነድ ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል እንደሆነ፣ እሷም ማኅተሙን ከማንሳቷ በፊት ብታውቀው ጥሩ ነው።

ይህም ይቅር፣ ተሳካ እንበል። የባንኩ የብድር ኮሚቴ አጸደቀልሽ። ለኮንዶሚኒየሙ የጎደለሽን 1 ሚሊዮን ብር በ20 ዓመት፣ ወለዱም 17 በመቶ ሆኖ ብታገኚ፣ የወሩ ክፍያ ወደ 14,670 ብር ይመጣል። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 14,167ቱ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 500 ብር ያህል ነው። ደብዳቤው ላይ ያለችው ሴት ይህን ሳትቸገር ትከፍላለች። አንቺስ? ጥር በሠርግ ይሞላል፣ እንቁጣጣሽና ፋሲካም ያደርሱሻል፤ ሁዳዴ ሲገባ ግን 55 ቀን ሙሉ ሠርግ የሚባል ነገር የለም። ባለፈው ሁዳዴ የሱቅሽን ኪራይ ለመሙላት ከእናትሽ 8,000 ብር ተበድረሻል። (መመለስሽን አውቃለሁ፤ ለዚያ አይደለም ያነሳሁት።) ባንኩ እንደ እናትሽ አይጠብቅሽም። የወሩ ክፍያ ሲዛባ ደግሞ መዛባቱ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት ውስጥ በስምሽ ይመዘገባል፤ ሌላ ባንክ ብትሄጂም እዚያው ያገኝሻል።

ብድር ሠራተኛ ፊት ተቀምጠሽ «ገቢዬ እኩል አይደለም» ማለት ውርደት አይደለም። እኔ ያየኋቸው ጥሩ ተበዳሪዎች አንደኛ ነገራቸው ይህ ነበር። በጥር ሞልቶ በመጋቢት የሚጎድል የባንክ ሒሳብ ልምድ ላለው ሰው የሚነበብ ታሪክ ነው፤ ነጋዴዋን ያያታል። የክፍያው ጊዜ ከሥራሽ ወቅት ጋር እንዲሄድ፣ ለምሳሌ በየሦስት ወሩ እንዲሆንልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ምናልባት እምቢ ይላሉ። ምናልባት የሚሰጡሽ የጠየቅሽውን ግማሽ ይሆናል፤ ቤቱም ያመልጥሽ ይሆናል። ይህን አልደብቅሽም።

የቤታችንን ካርታ ለመያዣ እንደምሰጥሽ ቃል ገብቻለሁ፤ ቃሌን አላጠፍኩም። የምሰጠው ግን ያንቺ ስምና ያንቺ ቁጥር ለተጻፈበት ማመልከቻ ነው። 500,000 ብር ብቻ ከወጣም ይውጣ፤ የቀረውን እንጠብቃለን።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ትዕዛዝ የምትመዘግቢበትን ያንን ጠርዙ የተቀደደ ሰማያዊ ደብተር አዘጋጂልኝ። በንጹሕ ወረቀት እንዳትገለብጪው፤ የተሰረዘውም፣ ያልተከፈለሽም፣ በዱቤ የሄደውም እንዳለ ይሁን። የባለፈውን ዓመት ወር በወር አብረን እንደምራለን፤ ከዚያ የግብሩን ነገር ለማስተካከል ሰኞ የት እንደምንሄድ እነግርሻለሁ። እርሳስ እኔ አመጣለሁ። እናትሽ ቋንጣ እየቋጠረችልሽ ነው።

አባትሽ