ዝም ያልኩሽ ረስቼሽ አይደለም

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ መክረሜን ሳስበው አፍራለሁ። የመጨረሻው መልእክትሽ ሲደርሰኝ የቪዲዮ ርዕስ እያስተካከልኩ ስለነበር «ማታ ረጋ ብዬ እመልስላታለሁ» ብዬ አቆየሁት። በዚህ ሥራ ግን ማታ የሚባል ነገር የለም። ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነና ኋላ ላይ ኀፍረቱ ራሱ ያዘኝ። ይቅር በይኝ።

አንቺም ዲጂታል ሚዲያ ድርጅት ልትገቢ መሆኑን ስሰማ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

መልካሙን ላስቀድም። ሥራ ቶሎ የሚያስለምድ እንደዚህ ያለ ቦታ አላየሁም። የሰው ኃይሉ ትንሽ ስለሆነ ዘገባውን ጽፈሽ፣ በድምፅሽ አንብበሽ፣ ቪዲዮውን ኤዲት አድርገሽ ርዕሱንም አንቺው ታወጪለታለሽ። የደከምሽበት ነገር ማን ጋ እንደደረሰም ውሎ ሳያድር ታውቂያለሽ። አንድ ጊዜ ስለ ስኳር በሽታ አጭር ቪዲዮ ሠርተን፣ ከግርጌው የሚሄደው ጽሑፍ ጊዜ ይፈጃል ተብሎ ሊቀር ሲል አምሽቼ አስገባሁት። በማግስቱ መስማት የተሳናቸው አንድ አባት «ማንም ሳያስረዳኝ እስከ መጨረሻው ተከታተልኩ» ብለው ጻፉልን። መልእክቱን እስከዛሬ አላጠፋሁትም።

ያው ቪዲዮ በሳምንቱ ስብሰባ ላይ «አልሄደም» ተባለ፤ እይታው ትንሽ ነበራ። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ቁጥሩን ስታዪ ትውዪና ሳይታወቅሽ፣ ገና ጉዳዩን ስትመርጪ «ይሄ ይሄዳል፣ ያ አይሄድም» ማለት ትጀምሪያለሽ። ቁጥሩን የሚዘውረው ደግሞ ሌላ ነው። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2012 ከእይታ ብዛት ይልቅ ተመልካቹ የሚቆይበትን ጊዜ ማስቀደም ጀመረ፤ ፌስቡክም በ2018 የወዳጅና የቤተሰብ ፖስት ከሚዲያ ገጾች በፊት እንዲታይ አደረገ። አንቺ ያቀድሽው እንዲህ ባለ የሌላ ሰው ውሳኔ ባንዴ ሊፈርስ ይችላል። ጎበዝ መሆንም ብቻውን አያድንም፤ ባዝፊድ ኒውስ የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ዜና ድርጅት በ2021 ፑሊትዘር የተባለውን ትልቅ የጋዜጠኝነት ሽልማት አግኝቶ በ2023 ተዘግቷል።

ከሁሉ የከበደኝን ልንገርሽ። አንድ ማታ ሌላው እንዳይቀድመን ብለን የአንድ ተከሳሽ ዜና ስንለጥፍ የሞክሼውን ፎቶ አስገባን። በ20 ደቂቃ ውስጥ አነሳነው፤ ስክሪንሾቱ ግን ከእጃችን ወጥቷል። ሰውየው ሲደውል ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። አልጮኸብኝም። «ልጄ ነገ ትምህርት ቤት ስትሄድ ምን ትበል?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

እኔን ብትጠይቂኝ ግን ግቢ እላለሁ። ብቻ ስለ ደመወዝ ከመነጋገርሽ በፊት ሌሊት የሚለጠፈውን ሁለተኛ ሰው አይቶት እንደሆነ የሚወጣው፣ ስህተት ሲገኝም በዝምታ ይጠፋ ወይስ በግልጽ ይታረም እንደሆነ ጠይቂያቸው። ለዚህ ጥያቄ ፊታቸው ከተለዋወጠ ተያቸው።

ይህን የጻፍኩልሽ ስልኬን ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀምጬ ነው። ምን እንደወሰንሽ ጻፊልኝ፤ እናትሽንም ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ