የገጠር ተማሪዎች ድጋፍ በርክክብ ቀን አይቋጭ

ለትምህርት ሚኒስቴር፣

ጉዳዩ፦ በድህነት ውስጥ ላሉ የገጠር ልጆች የሚሰጠው የበጎ አድራጎት ድጋፍ የሚመዘንበትን መንገድ ይመለከታል

የገጠር ልጆች እንዲማሩ ብለው ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን የሚሰጡ ወገኖች ምስጋና ይገባቸዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ከርክክቡ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። አብዛኛው ሪፖርት ስንት ደብተር እንደታደለና ስንት ክፍል እንደተገነባ ይዘረዝራል፤ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ መማር አለመማራቸውን ግን እምብዛም አይናገርም። በትምህርት መክፈቻ የተሰጠ ደብተር ዓመቱ ሳይጋመስ ያልቃል። የመጸዳጃ ቤቱ በር መቀርቀሪያ ተነቅሎ የሚያስጠግነው ሲጠፋ፣ የወር አበባዋ የመጣ ተማሪ ቤት መዋልን ትመርጣለች፤ ሕንፃው ግን በሪፖርቱ ላይ እንደ ተጠናቀቀ ሥራ ተመዝግቦ ይኖራል።

ቅን ልቦና ብቻውን እንደማይበቃ የሌሎች አገሮች ልምድ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በምዕራብ ኬንያ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ለገጠር ትምህርት ቤቶች መማሪያ መጻሕፍት ቢያድልም የተማሪዎቹ አማካይ ውጤት አልተሻሻለም፤ መጻሕፍቱ የተጻፉበት እንግሊዝኛ ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋ ስለነበር ተጠቃሚ የሆኑት ቀድሞውንም ጎበዝ የነበሩት ናቸው። በዚያው አካባቢ 75 ትምህርት ቤቶችን ባካተተ ሌላ ጥናት የሆድ ትላትል መድኃኒት መስጠቱ ከትምህርት ገበታ መቅረትን በአንድ አራተኛ እንደቀነሰ ተመራማሪዎቹ አሳውቀዋል። ፎቶግራፍ ላይ የማያምረው ድጋፍ ከሚያምረው በልጦ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። በባንግላዴሽም ብራክ የተባለው የልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 በ22 ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤቶች የትምህርት ሥራውን ሲጀምር ትኩረቱን በሕንፃ ላይ አላደረገም፤ በአብዛኛው የአካባቢውን ሴቶች አሠልጥኖ በመምህርነት አሰማራ፣ የትምህርቱንም ሰዓት ልጆቹ በቤት ውስጥ ካለባቸው ሥራ ጋር እንዲጣጣም አደረገ።

ስለዚህ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ከበጎ አድራጊዎች ጋር የሚደረጉ ስምምነቶች ጥገናውን ማን እንደሚሸፍን፣ የመምህሩ ደመወዝ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ወደ የትኛው በጀት እንደሚዞር በግልጽ እንዲያስቀምጡ እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ድጋፉ ከተሰጠ ከአንድና ከሁለት ዓመት በኋላ የክፍል ስም መጥሪያው ተመርምሮ ምን ያህሉ ልጆች ትምህርታቸውን እንደቀጠሉ ይታወቅ፤ ወላጆችም ውጤቱን በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያንብቡት። ይህ ለጋሾችን በወረቀት ብዛት የሚያሰለች አዲስ ቁጥጥር ሊሆን አይገባም፤ መምህራን በየቀኑ የሚይዙትን መዝገብ ማየት ብቻ ይበቃል።

ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ በዚህ ጉዳይ ያለውን አቋም ለሕዝብ እንዲያሳውቅ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር