የእማማን ጠጠር አድርሻለሁ

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለአብሮ አደጌ፣

እንዴት ከረምክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

አራት ዓመት ዝም አልኩህ። እማማ ያረፈች ጊዜ ደውለህ ነገርከኝ፤ እኔ ግን ለቅሶ አልደረስኩም። ከዚያ ምን ብዬ ልደውል? ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ነጎደ። አፍሬ ነው ወንድሜ፤ ይቅር በለኝ።

ባለፈው ወር ከስፔን ተመለስኩ። በእግሬ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ሄጄ።

መራመድ ምን ያህል እንደምወድ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እዚህ አውሮፓም አልተወኝም። ከሥራ ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር ቦርሳዬን አዝዬ እወጣለሁ። እዚሁ ጀርመን፣ ቱሪንገን ውስጥ፣ ሬንሽታይግ የሚባል 170 ኪሎ ሜትር ገደማ የጫካ መንገድ አለ፤ ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። በሞን ብላን ተራራ ዙሪያም ሄጃለሁ። ፈረንሳይን፣ ጣሊያንን፣ ስዊዘርላንድን ዞረህ ወደ ተነሳህበት ትመለሳለህ። ወረቀት ለማግኘት ስንት ዓመት እንደጠበቅኩ ታውቃለህ። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ማለፊያ ላይ ቆሜ፣ በአንድ እርምጃ ጣሊያን ገባሁ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

የስፔኑ ግን ከሁሉም ይለያል። ካሚኖ ይሉታል። የዘብዴዎስ ልጅ የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር አለበት ወደሚባለው ወደ ሳንቲያጎ የሚወስድ የተሳላሚዎች መንገድ ነው። ከፈረንሳይ ጠረፍ ተነስቼ 35 ቀን ፈጀብኝ። የሚመራህ ቢጫ ቀስት ነው። ዛፍ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ የሰው ግድግዳ ላይ ታገኘዋለህ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤልያስ ቫሊኛ የሚባሉ የገጠር ቄስ ቀለም ይዘው እየዞሩ መቀባት ጀመሩ። ጠዋት በጨለማ ወጥቼ የመጀመሪያውን ቀስት ሳይ እኚህን ሰው ነፍስ ይማር እላለሁ።

መሃሉ ላይ ሜሴታ የሚሉት ሜዳ አለ። እስከ አድማስ የታጨደ ስንዴ ነው። ካሪዮን ከምትባል ከተማ ወጥተህ 17 ኪሎ ሜትር መንደር የለም፤ ጥላም የለም። እግሬ ውሃ ቋጠረ። ማታ ማደሪያው ስደርስ አንዲት ኮሪያዊት እናት አዩኝ። በቋንቋ አንግባባም። እግሬን ሳብ አድርገው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። መርፌውን በክብሪት ለብልበው፣ ክር አስገብተው፣ ውሃውን ቀስ ብለው አፈሰሱት። ክሩን እዚያው ተዉት፣ ሌሊቱን እየመጠጠ እንዲያደርቀው። እኔ የታየችኝ እማማ ነበረች። ከቁልቢ ስንመለስ በሳፋ ሙቅ ውሃና ጨው አድርጋ፣ አንተንና እኔን ሳትለይ እግራችንን የምታጥበን።

ከሊዮን ከተማ አልፎ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ረጅም የእንጨት ምሰሶ አለ። አናቱ ላይ ትንሽ የብረት መስቀል። ሥሩ ጉብታ የሚያህል የጠጠር ክምር ነው። መንገደኛ ሁሉ ከአገሩ ይዞት የመጣውን እዚያ ያስቀምጣል። እማማ ያኔ አንተ ታመህ ስትድን፣ ስለቷን ልታደርስ ያንን ትልቅ ድንጋይ በጀርባዋ አዝላ የቁልቢን ዳገት የወጣችው ትዝ ይልሃል? ላግዝሽ ብላት እምቢ አለችኝ። እኔም ለመጨረሻ ጊዜ ድሬ የመጣሁ ጊዜ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ያነሳኋት አንዲት ጠጠር ነበረችኝ። ፍራንክፈርት መስኮቴ ላይ ነበር የምትኖረው። ይዣት ሄድኩ። የእማማን ስም ጠርቼ፣ ክርስትና ስሟን ማለቴ ነው፣ አስቀመጥኳት። ነፋስ ነበር። ብዙ ቆየሁ።

ለታህሣሥ ቲኬት ቆርጫለሁ። መጀመሪያ መቃብሯ ጋ ውሰደኝ። ከዚያ ለ19ኙ፣ ለቁልቢ ገብርኤል፣ እንደ ድሮው በደንገጎ በእግር እንውጣ። ጉልበትህ እንዴት ነው? ቀስ ብለን ነው የምንሄደው፤ ሁለት ቀን ይፍጅ፣ ሦስት። ደህና ጫማ ልገዛልህ ነው። ቁጥርህ 42 ነበር አይደል? ቶሎ ጻፍልኝ።

ወንድምህ