የትምህርት ቤቱ በዓል የመምህሩም በዓል ይሁን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ። ዘመኑ የሰላም፣ የጤናና የጥጋብ ይሁንልን።

የምጽፍላችሁ ስለ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶቻችን በዓል ነው። አዲስ ዓመት ሲገባ አንዳንዶቹ የምስረታ በዓላቸውን ከትምህርት መጀመሪያው ጋር አያይዘው ያከብራሉ። ቅዳሴ ይቀደሳል፣ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ ልጆች አበባ አየሆሽ ይላሉ፣ የቀድሞ ተማሪዎች ከያሉበት ተጠራርተው ይመጣሉ። እኔ ከሲስተሮች እጅ የተማርኩ፣ ዛሬም ልጄን በካቶሊክ ትምህርት ቤት የማስተምር ሰው ነኝ። ስለዚህ በዓሉ የኔም በዓል ነው፤ ደስም ይለኛል። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። በየመድረኩ ስለ ሕንፃው፣ ስለ መሥራቾቹ፣ ስለ ረጂዎቹና ትልቅ ቦታ ስለደረሱ ተማሪዎች ይነገራል። ስለ መምህሩ ግን እምብዛም አይነሳም።

ይህ ለኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ምክንያቱም የነዚህ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ከሥሩ የመምህር ታሪክ ነው።

አዲስ አበባ ያለውን ቅዱስ ዮሴፍን፣ ማለትም ሁላችንም ሴንት ጆሴፍ የምንለውን እንውሰድ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ከ65 ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። የከፈቱት የደላሳል ወንድሞች ናቸው። ተማሪው «ብራዘር» የሚላቸው እነዚህ ሰዎች ቄሶች አይደሉም። ቃል ኪዳን ገብተው ሕይወታቸውን ለማስተማር የሰጡ መነኮሳት ናቸው። ማኅበራቸውን የመሠረተው ቅዱስ ዣን ባፕቲስት ደላሳል እ.ኤ.አ. በ1651 በፈረንሳይ ሬምስ ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። ቄስ ነበር፣ በካቴድራሉም ትልቅ ማዕረግ ነበረው። እንደዚያው ተከብሮ መኖር ይችል ነበር።

ታዲያ ምን አደረገ? በከተማው ለድሃ ልጆች የተከፈቱ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ግን የሚያስተምሩት ሰዎች ራሳቸው በቅጡ ያልተማሩ፣ ደሞዛቸው ከእጅ ወደ አፍ የሆነ፣ ማንም የማያከብራቸው ነበሩ። ችግሩ ከመምህሩ ጀምሮ ካልተፈታ ሌላው ሁሉ ከንቱ መሆኑ ገባው። መጀመሪያ ማዕዱን አካፈላቸው፣ ቀጥሎ ጭራሽ ቤቱ አስገባቸው። ዘመዶቹ ተቆጡ፤ የሱን ያህል ሰው ከነዚህ ጋር እንዴት አብሮ ይኖራል ብለው። እሱ ግን አልተመለሰም። ማዕረጉን ተወ፣ ሬምስ ላይ ረሃብ በገባ ጊዜ ሀብቱን ለተራበው አከፋፈለ፣ ከመምህራኑ ጋር እንደነሱ ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1685 መምህራን የሚሠለጥኑበት ተቋም ከፈተ። በዚያ ዘመን ልጅ ንባብ የሚጀምረው በላቲን ነበር፤ እሱ ግን ልጆቹ ቤታቸው በሚናገሩት በፈረንሳይኛ ይጀምሩ አለ። አንድ በአንድ እየተጠሩ ከመማርም በክፍል ተከፍለው አንድ ላይ እንዲማሩ አደረገ። ዛሬ እንደ ተራ ነገር የምናየው የክፍል ትምህርት እንዲስፋፋ የሱ ትምህርት ቤቶች ትልቅ ድርሻ አላቸው።

እ.ኤ.አ. በ1950 የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ቅዱስ ብለው ሰየሙት። እንግዲህ የመምህራን ጠባቂ የሆነ ቅዱስ ልጆች የከፈቱት ትምህርት ቤት ባለባት ከተማ፣ በካቶሊክ ትምህርት ቤት በዓል ላይ መምህሩ ሲረሳ ማየት ይከብዳል።

የኛ አገር ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም። ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 ዓድዋ ሲገቡ ጣሊያናዊ ካህን ነበሩ፤ ግን አማርኛም ትግርኛም ግዕዝም ተማሩ፤ የለበሱትም የበሉትም እንደ አገሬው ነበር። ሥራቸውን ግን ብቻቸውን አልሠሩትም። አብረዋቸው የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። ለእውቀት ብለው ከገዳም ገዳም የዞሩ፣ የግዕዝ ሊቅ የሆኑ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በአጋሜ ጉዓላ ላይ ልጆች የሚማሩበት ቤት ሲከፈት ያስተምሩ የነበሩት እኚህ መምህር ናቸው። በሃይማኖታቸው ምክንያት ታስረው፣ በሰንሰለት እየተጎተቱ እ.ኤ.አ. በ1855 አረፉ። ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1926 ብፁዕ ብላ ሰይማቸዋለች። ከደ ያቆቢስ ጎን አንድ የአገሬው መምህር ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ሥራ በየት በኩል ሥር ይሰድ ነበር?

ሐረርም እንዲሁ ነው። ሞንሲኞር ዣሮሶን፣ የሐረር ሰው አባ እንድርያስ የሚላቸውን የካፑቺን ማኅበር ፈረንሳዊ መነኩሴ፣ ብዙ ሰው ያውቃቸዋል። ለልጅ ተፈሪ፣ ለኋላው ንጉሠ ነገሥት፣ ትምህርት እንዲሰጥ ያደረጉ ናቸው። በየቀኑ ከልጁ ጋር ተቀምጠው ያስተማሩት ግን አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ነበሩ። የሚሲዮኑ ልጅ፣ ኢትዮጵያዊ ካህን፣ ገና ጎልማሳ። በ1907 ዓ.ም. ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰጥሞ ሲሞቱ ተማሪያቸው ተፈሪ ከዚያው አደጋ በሕይወት ተረፉ። ንጉሡ ኋላ መምህራቸውን በትልቅ ምስጋና አንስተዋቸዋል። እስቲ ዛሬ በየካቶሊክ ትምህርት ቤቱ ያሉ ልጆችን ጠይቁ። አባ ሳሙኤልን የሚያውቅ ስንት ነው? የፈረንጁ ስም ይታወቃል፣ የአበሻው መምህር ስም ይጠፋል። ፈረንጆቹን ለማሳነስ አይደለም፤ አገራቸውን ጥለው መጥተው እዚሁ አፈር የለበሱ ብዙ ናቸው፣ ምስጋናችን ለነሱም ነው። ግን የሁለቱም ስም አብሮ ይጠራ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ትምህርት ቤቱን አልጠራም፤ ማንንም ማሳጣት አልፈልግም። አንድ የምስረታ በዓል ላይ ተጋብዤ ሄጄ ነበር። አዳራሹ ግድግዳ ላይ የድሮ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። በጣም የሚያምሩ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች። በእያንዳንዱ ሥር ማን እንደሆነ ተጽፏል፤ ጳጳሱ በስም፣ ሲስተሮቹ በስም፣ የመሠረት ድንጋይ ያስቀመጡት ባለሥልጣን በስም ከነማዕረጋቸው። አንዱ ፎቶ ላይ ግን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የተሰለፉ ሰዎች አሉ። ወንዶቹ ከረባት አድርገዋል፣ ሁለት ሴቶች ነጠላ ለብሰዋል፣ አንዱ እጁ ላይ የጠመኔ ብናኝ ይታያል። ሥሩ የተጻፈው «መምህራን» የሚል ብቻ ነው። ከመሃላቸው የአማርኛ መምህሬን አወቅኋቸው።

እኚህ ሰው ድርሰት ሲያርሙ ደብተራችንን ቤታቸው ይወስዱ ነበር። በማግስቱ አንዱን መርጠው ለክፍሉ ያነባሉ፤ የማን እንደሆነ ግን አይናገሩም። ፈሪ ልጅ፣ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ፣ የራሱ ጽሑፍ በመምህር አፍ ሲነበብና ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሲያዳምጥ ይሰማል። ማንም አያየውም፤ እሱ ግን ያውቃል። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ እንደድሮው አይሆንም። እኔ ዛሬ ለጋዜጣ ደብዳቤ ለመጻፍ ድፍረት ያገኘሁት ከዚያ ክፍል ነው። ስማቸው ግን ፎቶው ሥር የለም። ለአዘጋጆቹ ነገርኳቸው። «ዝርዝሩ አልተገኘም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ማንም አልፈለገውም ነበር።

በዚያው በዓል ለእንግዶች ጋቢና ካባ ተሰጠ። ጡረታ የወጡት አንዷ የሒሳብ መምህርት ከኋላ ረድፍ ተቀምጠው ነበር። ከመድረክ አልተጠሩም። ምሳ ላይ ግን የቀድሞ ተማሪዎች ከበዋቸው፣ አንዱ እጃቸውን ሲስም ሌላዋ ፎቶ ስትነሳ መሄጃ አጡ። እንግዲህ ተማሪው ማን ሊከበር እንደሚገባ ያውቃል። መርሐ ግብሩ ብቻ ነው ያላወቀው።

አንዳንድ ሰው «ካቶሊክ በአገሩ ስንት ነውና ይህን ያህል ወሬ» ሊል ይችላል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኩ ከሕዝቡ 0.7 በመቶ ነው። ትምህርት ቤቶቹን ግን አገር ያውቃቸዋል። ምዝገባ ሲደርስ ወላጅ ሌሊት ተነስቶ ነው የሚሰለፈው። ክፍል ውስጥ ደግሞ ተማሪው አብዛኛው ካቶሊክ አይደለም። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ፕሮቴስታንቱ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል። ጠዋት ሰልፍ ላይ ጸሎት ሲባል ሁሉም በየልቡ ያለውን ይላል። ይህን አብሮነት በየቀኑ የሚጠብቀው ማነው? ክፍል ውስጥ ያለው መምህር ነው። አንዱ በሌላው ጾም ሲያሾፍ ሰምቶ የሚገሥጸው፣ በረመዳን ልጁ ሲደክመው ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ጥላ ሥር እንዲያርፍ የሚያደርገው እሱ ነው። እሱም ራሱ ብዙ ጊዜ ካቶሊክ አይደለም። ኦርቶዶክስ ሆነው ዕድሜያቸውን ሙሉ በካቶሊክ ትምህርት ቤት ያስተማሩ ስንት ናቸው! የትምህርት ቤቱን ስም ያቆሙት እነሱም ናቸውና የታሪኩ ባለቤቶች ናቸው።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። በየትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት የድሮ የስም መጥሪያ መዝገቦች፣ ሮስተሮችና የደሞዝ መክፈያ ወረቀቶች አሉ። አቧራ ጠጥተው፣ አንዳንዱም አይጥ እየበላው። እነሱ ላይ የእያንዳንዱ መምህር ስም አለ። የጥበቃው፣ የጽዳቷ፣ ደወል የሚደውሉት አባባም ስም አለ። እነዚህ ወረቀቶች ተሰብስበው በስልክም ቢሆን ፎቶ ይነሱ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዘንድሮ 11ኛና 12ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ለአማርኛ ወይም ለታሪክ ትምህርት የቤት ሥራ ተሰጥቷቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህራንን ቤታቸው ድረስ ሄደው ድምፃቸውን ይቅረጹ። ቡና እየጠጡ የሚነግሯቸው ታሪክ በማንም መጽሔት ላይ አይገኝም። በደርግ ጊዜ የግል ትምህርት ቤቶች ሲወረሱ ምን ተሰምቷቸው ነበር፣ ተማሪዎቻቸው በቀይ ሽብር ሲጠፉ ባዶውን ዴስክ እያዩ እንዴት አስተማሩ፣ ይህን የሚናገር ሰው ዛሬ በዕድሜ ገፍቷል። ቸል ካልን ከነሱ ጋር ይቀበራል።

የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራትንም አንድ ነገር ልለምን። ውጭ አገር ያላችሁ፣ ዋሽንግተንም ሆነ ቶሮንቶ፣ ለትምህርት ቤታችሁ ኮምፒውተርና መጽሐፍ ትልካላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከዚያው ላይ ትንሽ ተቀንሶ ለታመመ የጡረታ መምህር መድኃኒት ቢገዛ፣ ከገንዘቡም በላይ «ልጆቼ አልረሱኝም» የሚለው ደስታ ይበልጣል። የመምህር ጡረታ ዛሬ ባለው ኑሮ ምን እንደሚገዛ ለማንም መንገር አይጠበቅብኝም። በሥራ ላይ ያሉትም ቢሆኑ በኑሮ ውድነቱ ተቸግረው፣ ከትምህርት በኋላ ቤት ለቤት እያስጠኑ ነው የሚኖሩት።

ቀኑም አለልን። የዓለም የመምህራን ቀን መስከረም 25 ላይ ይውላል። መስቀል አልፎ፣ ልጆቹም ክፍል ገብተው በሚረጋጉበት ሰሞን ነው። የምስረታ በዓሉን እንቁጣጣሽ ላይ ለማክበር ያልደረሱ ትምህርት ቤቶች መስከረም 25ን ይውሰዱት። መድረክ ላይ አሮጌዎቹ መምህራን ይቀመጡ፣ የሞቱት ስማቸው ይነበብ፣ የስም ንባቡንም ተማሪዎቹ ያንብቡት። ሰዓት ይወስዳል ካላችሁ የባለሥልጣናቱ ንግግር ይጠር።

እናንተም የጋዜጣው አዘጋጆች በየሳምንቱ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ብትሰጡን መልካም ነው። አንባቢ የመምህሩን ስም፣ የት እንዳስተማሩና ምን እንዳስተማሩት ጽፎ ይላክ፤ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ብቻ አይሁን፣ የመንግሥቱም የየኔታውም ይግባ። ቦታውን ከሰጣችሁ የመጀመሪያውን እኔ እልካለሁ፤ የአማርኛ መምህሬን ፎቶ ከቤተሰባቸው አግኝቼዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ተማሪ፣ የዛሬ ወላጅ
አዲስ አበባ