የትንፋሽ ልምምዴን አብረውኝ ለቆጠሩ ሁሉ የቀረበ ምስጋና

በልጅነቴ በያዘኝ የቶንሲል ሕመም መዘዝ የጠበበውን የልቤን ቫልቭ ባለፈው ጥቅምት ወር በቀዶ ሕክምና ካስቀየርሁ በኋላ፣ ልቤ በመልካም ሁኔታ እየሠራ ሳለ ትንፋሼ ግን ከዳኝ። በጀርባዬ መተኛት ስለማልችል ሦስት ትራስ ደራርቤ ተደግፌ አነጋ ነበር፤ የጫማዬን ክር ለማሰር ባጎነበስሁ ቁጥርም አየር ያጥረኝ ነበር። አዲሱ ቫልቭ ተበላሽቶ ይሆናል ብለን እኔም ቤተሰቤም ብዙ ተጨነቅን።

በቅድሚያ የማመሰግነው ምክንያቱን ያገኙልኝን ሐኪሜን ነው። በራጁ ላይ፣ በጤናማ ሰው ከቀኙ ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚታየው የግራው ድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ) ከቀኙ በላይ ወጥቶ አዩት፤ በአልትራሳውንድ እየተከታተሉ በአፍንጫዬ አየር በፍጥነት እንድስብ ሲያዙኝም፣ ቀኙ ወደ ታች ሲወርድ ግራው እምብዛም አልተንቀሳቀሰም። ድያፍራምን የሚያዘው ነርቭ ከአንገት ተነሥቶ በልብ ሽፋን ጎን ስለሚያልፍ፣ በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ በቅዝቃዜ ወይም በመወጠር ሊጎዳ እንደሚችል፣ ብዙውን ጊዜም በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እንደሚያገግም በትዕግሥት አስረዱኝ። በዚያች ሌሊት ትንፋሼ ያው ቢሆንም ፍርሃቴ ቀለለልኝ።

ልምምዱን ያስተማሩኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ውለታቸው ከባድ ነው። የእኅቴ ልጅ ከዋሽንግተን የላከችልኝ መሣሪያ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ውስጧ ሞላ ያላት ፕላስቲክ ናት፤ አፍንጫዬን በመቆንጠጫ ይዤ በአፌ በኃይል ካልሳብሁ አትከፈትም። የመሳብ አቅሜ ሲለካ 40 ሴንቲ ሜትር የውሃ ግፊት ስለነበር በ30 በመቶው፣ ማለትም በ12 ጀመርን፤ ጠዋት 30፣ ማታ 30 ትንፋሽ። ባለሙያዋ አቅሜን በየጊዜው እየለኩ ሞላውን አጠበቁልኝ። ልምምዱ ነርቩን እንደማያድን፣ ነርቩ እስኪያገግም ግን የትንፋሽ ጡንቻዎቼን እንደሚያበረታ ሳይሸሽጉ ስለነገሩኝ ይበልጥ አከብራቸዋለሁ።

ጠዋት ጠዋት ባለቤቴ ትቆጥርልኛለች። የማታውን የቆጠሩልኝ፣ አንድም ቀን ሳያጓድሉ ከአጠገቤ ይቀመጡ የነበሩት ጎረቤታችን እማማ ናቸው፤ በየትንፋሼ ከመቁጠሪያቸው አንድ ፍሬ ያሳልፋሉ፣ እኔ 30ውን ስጨርስም ከ41ዱ የቀሩትን 11 ፍሬዎች ስለ እኔ ይጸልዩባቸዋል። ለእርሳቸው የሚበቃ ቃል የለኝም። በሕክምናው ወራት ቤቴን ላልዘጉ የዕድራችን አባላትና ክፍሌን ለሸፈኑልኝ የሥራ ባልደረቦቼም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዛሬ የመሣሪያዋ ግፊት ከ12 ተነሥቶ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ደርሷል፤ የምተኛውም በአንድ ትራስ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ወደ ክፍሌ ተመልሼ የ52 ተማሪዎቼን ስም ቆሜ ጠራሁ፤ በኅዳር ወር ከአምስተኛው ስም ማለፍ ያቃተኝን መዝገብ፣ ወንበር ሳልይዝ እስከ መጨረሻው ስም አነበብሁት።