የዕድር መዝገብ የሚስትንም ስም ይያዝ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ የሰፈር ዕድር ለዘጠኝ ዓመታት በጸሐፊነት አገልግያለሁ። የማነሣው ሐሳብ የመጣው እኔው ከምይዘው የአባላት መዝገብ ነው።

በመዝገባችን የሰፈሩት ስሞች አብዛኞቹ የባሎች ናቸው። ወርኃዊውን መዋጮ ይዘው የሚመጡት ግን በብዛት ሚስቶች ሲሆኑ፣ ብሩን ከመቀነታቸው ጫፍ ፈትተው ቆጥረው ሲሰጡኝ እኔ በባላቸው ስም ትይዩ ምልክት አደርጋለሁ። ለቅሶ ሲደርስ ንፍሮውን የሚቀቅሉትም ሆነ እንግዳውን የሚያስተናግዱት እነሱው ናቸው፤ በስብሰባ ድምፅ የሚሰጠው ግን ስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። የአንዲት ሴት ስም በባሏ ቦታ የሚገባው ብዙውን ጊዜ እሱ ከተቀበረ በኋላ ሲሆን፣ ያን ለውጥ በእጄ ስጽፍ ኖሬአለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአባሎቻችን አንዱ ሚስቱን እንደሚደበድብ ጎረቤት ሁሉ ስላወቀ፣ ዕድሩ ሦስት ሽማግሌዎችን ሲልክ አንዱ እኔ ነበርኩ። ሴትዮዋ ቡናውን በግራ እጇ ቀዳችልን፤ የቀኝ አንጓዋ በሻሽ ታስሮ ነበር። ከመካከላችን ስለ እጇ የጠየቀ አልነበረም። «ገመናን አደባባይ ማውጣት ደግ አይደለም፣ ልጄ፤ ለልጆችሽ ስትዪ ቻዪው» ብለን፣ አስታርቀንና መርቀን ወጣን። ሁለት ወር ሳይሞላ ልጆቿን ይዛ ወደ ዘመዶቿ ሄደች። የዚያን ቀን ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት ወንጀል ያደርገዋል፤ ስለዚህ እኛ ጠብ ነው ብለን ልናበርድ የሄድንበት ጉዳይ በሕግ ፊት ሌላ ስም ነበረው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ያሉት ከወንዶቹ 28 በመቶ ሲሆኑ ከሴቶቹ 63 በመቶ መሆናቸው ነው። በቤቷም በሰፈሯም ሐሳቧን የሚጠይቃት የሌለ ሴት ዱላውን እንደ ዕጣዋ ብትቀበለው አይገርመኝም። ጥቃትን መከላከልና ሴቶች በሰፈራቸው ጉዳይ ድምፅ እንዲኖራቸው ማድረግ ለእኔ አንድ ሥራ የሆኑት ለዚህ ነው።

«ዕድር ለቀብር ነው፤ በሰው ትዳር ምን አገባው?» የሚሉኝ አባላት አሉ። ነገር ግን በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን ብዙ ዕድሮች ሕመምተኞችን በየቤታቸው ሲያስታምሙና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ሲረዱ አይተናል። ስምን በተመለከተም፣ በአማራ ክልል የባልና ሚስት የጋራ መሬት ማረጋገጫ ደብተር የሁለቱንም ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል። ገበሬው በመሬቱ ላይ የተቀበለውን እኛ ከተሜዎቹ በዕድር መዝገብ ላይ የምንከለክልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችን የማቀርበው ሐሳብ ባልና ሚስት በየስማቸው እንዲመዘገቡና እያንዳንዳቸው ድምፅ እንዲኖራቸው፣ በሥራ አመራር ኮሚቴውም ሴቶች እንዲመረጡ ነው። የተደበደበች ሴት ስትኖር ደግሞ ዕርቅ እንድትቀበል የሚጫናት ሽማግሌ መላክ ቀርቶ፣ ከፈለገች ወደ ፖሊስና ወደ ሐኪም አብሯት የሚሄድ ሰው እንዲመደብ፣ የመጓጓዣና የመጀመሪያ ሕክምና ወጪዋም ከዕድሩ ገንዘብ እንዲሸፈን እጠይቃለሁ። በከተማችን በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለተጠቂዎች የተቋቋመ ማዕከል አለ፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም መጠለያ ይሰጣል። የሚጎድለው በሌሊት በሯን ከፍታ ስትወጣ እስከዚያ የሚያደርሳት ጎረቤት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከዕድር የቀረበ የለም።

ይህን የመሰለ አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንባቸው ያስገቡ ዕድሮች ካሉ፣ እንዴት እንደጻፉትና አባላቱን እንዴት እንዳስማሙ በዚሁ ዓምድ ቢያካፍሉን በጉባኤው ላይ ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዕድር ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ